በበጋ የተቆረጠ ሽቦ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይዋሻል። ለሐሜት ብዬ አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞጣ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ስጠግን ያየሁትን ነው የምናገረው። «እስከ ትናንት ደህና ነበር» ይልሃል፤ ትናንትም ደህና አልነበረም። «የሰው እጅ አልነካውም» ይልሃል፤ ስትከፍተው ሦስት ሰው ነካክቶታል፣ አንዱ በምላጭ፣ አንዱ በሲጋራ ወረቀት፣ አንዱ በጥርሱ። ስለዚህ እኔ አብዱልዋሂድ የባለመኪና ወሬ አልሰማም። «ዝም በል፣ ሽቦው ራሱ ይናገራል፣ ሽቦ አይዋሽም» እያልኩ ደንበኛ ላይ እጮህ ነበር። ይህችን አባባል ካለፈው ሰኔ ወዲህ ትቻታለሁ።

የኔሰው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበር። የቢቸና ልጅ ነው። ከአባቱ የወረሰው አጭር ላንድሮቨር አለው፤ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ፣ አረንጓዴ ቀለሙ ፀሐይ ስለበላው ግራጫ የሚመስል። አውቶቡስ የማይደፍረውን የገጠር መንገድ እሱ ይደፍረዋል፤ ገበያተኛ ይጭናል፣ ታማሚ ይጭናል፣ ሙሽራ ይጭናል። ቢቸና ውስጥ ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም፤ ግን አባቱም የሚያምነው እኔን ስለነበር መኪናው ሲታመም ሞጣ ድረስ ይዞልኝ ይመጣል። «ምን ሆነ?» ስለው «ጥፋቱ የእኔ ነው አብዱ፣ ወንዝ ሞልቶ ሳለ ገባሁበት» ይለኛል። እንዲህ የሚል ሹፌር ሌላ አላጋጠመኝም። እንዲያውም ያናድደኝ ነበር፤ እውነት የሚናገር ሰው ለመቆጣት አይመችም።

ባለፈው ጥር አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ መጣ። አንድ ደብር ለበዓል ጉባኤ በየቀበሌው እየዞረ ሕዝቡን እንዲጠራ ተከራይቶታል። ጡሩንባ የሚመስሉ ሁለት ስፒከሮች ጣሪያው ላይ ታስረዋል፣ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። የሚቀረው መብራት መስጠት ብቻ ነው።

ደንቡ የታወቀ ነው። አምፕሊፋየር ጉልበት ይበላል፤ ስለዚህ ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ይሳብለታል፣ የራሱ ፊውዝ ይደረግለታል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ግን የጁምዓ ሶላት እየደረሰብኝ ነበር፤ እሱም ሳይመሽ ቢቸና መግባት ፈልጓል። አቋራጩን ያዝኩ። ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሜ ወደ ዝናብ መጥረጊያው የሚሄደውን ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ ቆረጥኩና አምፕሊፋየሩን እዚያው ላይ ቀጠልኩት። የመኪናው መጥረጊያና የደብሩ ስፒከር ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከአንድ ቀጭን ሽቦ የሚጠጡ ሆኑ።

ይህን የሚሰማ ሰው ቸልተኛ ይለኛል። ይበለኝ። ግን እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጠብ በማይል የበጋ ሰማይ ሥር ዝናብ መጥረጊያ ለምን ይሆናል? ለቴፕ ይሁን፣ ለስልክ ቻርጀር ይሁን፣ የመጥረጊያውን መስመር እንዋሳለን፤ ክረምት ሲገባ እንመልሳለን። እንደ ጎረቤት ወንፊት ነው። ወንፊት ስትዋስ ግን ለባለቤቷ ትነግራታለህ። «የኔሰው፣ ሰኔ ሳይገባ አምጣውና ልለየው፤ ያለዚያ ስፒከሩ ሲጮህ መጥረጊያው ይቆማል» ማለት ነበረብኝ። ልለውም አስቤ ነበር። አዛኑ ተሰማ፤ እጄን ታጥቤ ወጣሁ፤ ስመለስ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ ረሳሁት። ይኸው ነው ነገሩ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሰኔ በገባ በዐሥረኛው ቀን የኔሰው ለዚያው ደብር የሰኔ ሚካኤልን በዓል እየዞረ ሲጠራ፣ ከቢቸና ወጣ እንዳለ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘው። መጥረጊያውን አበራ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፏቀቀና መስታወቱ መሐል ላይ ቆመ። ፍሬን ያዘ፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነበርና መኪናው ተንሸራተተ። ስጦታው የሚባል የሃያ አራት ዓመት ገበሬ ከገበያ ሲመለስ ላስቲክ ተከናንቦ የመንገዱን ዳር ይዞ ይሄድ ነበር። እዚያው ሞተ። ለእናቱ ለእማማ ፀሐይነሽ የመጨረሻ ልጃቸው ነበር፤ እርሻውን የሚያርስላቸውም እሱ ነበር።

የኔሰው አልሸሸም። ሬሳውን ራሱ ጭኖ ፖሊስ ጣቢያ ገባና «መጥረጊያው ቆመብኝ፣ መንገዱ ጠፋኝ፣ ሰው ገደልኩ» አለ። በማግሥቱ ፀሐይ ወጣች። ደብሩ ስፒከሩንና አምፕሊፋየሩን አውርዶ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ትራፊኩ መጥቶ ማብሪያውን ቢጫነው መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ አለ። ደግሞ ቢሞክረው ደግሞ ሠራ። መጥረጊያው ጤነኛ ነው ተብሎ ተጻፈ። በአንድ ቀን ውስጥ ያ እውነተኛ ሰው በከተማው ሁሉ ውሸታም ሆነ።

በዋስ ተለቀቀ። ግን የፍርድ ቤት ነገር ሌላ ነው፣ የደም ነገር ሌላ ነው። የስጦታው ታላቅ ወንድም ፍቅረ ሥላሴ ለሽማግሌዎች የላከው ቃል ገበያውን ሁሉ አዳረሰ፤ «እግዜር ያመጣው ከሆነ ከእግዜር ጋር አልጣላም። ዋሽቶ ከሆነ ግን ከቤቱ የሚወጣበትን ቀን ነው የምጠብቀው።» የኔሰው ከዚያ በኋላ ደጅ መውጣት ተወ። አሮጊት እናቱ አመተ ሥላሴ ውሃ እንኳ ሲቀዱ በሩን ከውጭ ቆልፈውበት ነበር የሚሄዱት።

የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ናቸው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አሉ፤ መኪናው ሁለቱ ወገኖች ባሉበት በሚያውቅ ሰው ይከፈት ብለው ወሰኑ። የኔሰው እኔን ጠራ፤ መኪናውን ስለማውቀው። የሟች ወገኖችም እኔን ተቀበሉ፤ የሞጣ እስላም ስለሆንኩ። «ከሁለታችንም አይወለድ፣ አበልጅም አይሆን፣ ለማን ብሎ ያደላል?» ነው ያሉት አሉ።

የኔሰው ራሱ ደወለልኝ።

«አብዱ፣ ነገ ድረስልኝ። ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽ፤ ያለውን ብቻ ተናገር። እኔ መቆሙን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለምን እንደቆመ ግን አላውቅም።»

«ሲቆም ስፒከሩ በርቶ ነበር?» አልኩት።

«አዎ፣ እየጠራሁ ነበር። ምነው?»

በዚያች ቅጽበት ሁሉን አወቅሁ።

«ምንም» አልኩት።

ባለቤቴ ሙኒያ ከጋራዡ አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። ስልኩን ዘግቼ ወደ እሷ ገባሁ። ፊቴን አይታ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችው።

«ልጁን የገደለው የእኔ ሥራ ነው» አልኳትና ነገርኳት፤ ስለ ሽቦውም፣ ስለ አዛኑም፣ ስለ ዝምታዬም።

«እኔ ነኝ ብትል ምን ይመጣል?» አለች።

«የኔሰው ይድናል። ፍቅረ ሥላሴ ወደ እኔ ይዞራል።»

«እሱ ብቻውን ቢዞር ጥሩ ነበር። አብዱልዋሂድ ሽቦ ረሳ የሚል ሰው ይኖራል ብለህ ነው? አንድ እስላም በሚካኤል ሰሞን የክርስቲያን ልጅ አስገደለ ነው የሚባለው። ልጆቹን አስብ እንጂ።» የያዘችውን ጨርቅ አጣጠፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰውየውንም አትርፈው፣ ራስህንም አትርፍ። ባለሙያው አንተ አይደለህ?» አለችኝ።

በሙኒያ ላይ አላሳብብም፤ የነገረችኝ መስማት የፈለግኩትን ነው። ሞጣ ላይ ከክርስቲያኑ ጋር ሠርጉንም ለቅሶውንም ተካፍለን ኖረናል፤ ክፉ ቀን እንዴት እንደሚጀምር ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ፍርሃቱ እውነት ነበር። ሰበብም ነበር። ሁለቱንም መሆኑ ያኔም አልጠፋኝም።

በማግሥቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄድኩ። በመንገዱ ሙሉ ካፊያ ነበር፤ የሚኒባሱ መጥረጊያ ሲመላለስ እያየሁ ሄድኩ። ለማለት ያሰብኩት ተዘጋጅቷል፦ ስዊቹ፣ ማለት ማብሪያው፣ ከውስጥ አርጅቷል፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። የዕቃ እርጅና ነው፣ የሰው ጥፋት አይደለም። እንዲህ ካልኩ የኔሰው ከውሸታምነት ይወጣል፣ ነገሩ ለእግዜር ይሰጣል፣ እኔም ወደ ቤቴ። እንዲያውም በልቤ ለራሴ አጨበጨብኩ። ሰው በራሱ ብልጠት የሚደሰትባት ሰዓት አጭር ናት።

ላንድሮቨሩ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ከወይራው ሥር ቆሟል። በግራ የሟች ወገኖች፣ በቀኝ የየኔሰው ዘመዶች ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌዎቹ መሐል ላይ። ፍቅረ ሥላሴ ጠይም፣ ረጅም ሰው ነው፤ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ እጆቹን አላወጣም። እናትየዋ እማማ ፀሐይነሽ ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የኔሰው ብቻውን ቆሞ ነበር። ከስቷል። ሲያየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ባይሞክር ይሻለኝ ነበር።

«በሃይማኖትህ ማል» አሉኝ መሪጌታ። «ያየኸውን እንዳትሸሽግ፣ ያላየኸውን እንዳትጨምር።»

በቁርአን ማልኩ።

በመጀመሪያ ማብሪያውን ተጫንኩ። አንዱ ሽማግሌ ከጀሪካን ውሃ መስታወቱ ላይ አፈሰሱ፤ መጥረጊያው ጠረገው። ደግመው አፈሰሱ፤ ደግሞ ጠረገው። ከግራ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ።

«ይኸው!» አለ ፍቅረ ሥላሴ ብድግ ብሎ። «ውሸቱን ነው ብዬ አልነበረም?»

«ይቀመጥ!» አልኩ እኔ ከሥልጣኔ በላይ ጮኼ። ልምድ ነው፤ ሥራ ላይ ስሆን ሰው ሁሉ ደንበኛ ይመስለኛል። «ያልተከፈተ ነገር አይፈረድበትም።» ተቀመጠ።

ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋደምኩ። የእጅ ባትሪዬን አፌ ውስጥ ይዤ ወደ ላይ አበራሁ። ቀይ ፕላስተር አየሁ። ፕላስተር ስጠቀልል ጫፉን ትንሽ አጥፌ ጆሮ አበጅለታለሁ፤ ሌላ ቀን ስፈታው እንዳይቸግረኝ። ጆሮዋ እንዳለች ነበረች። ከሥርዋ የአምፕሊፋየሩ ሁለት ቅሪቶች ተንጠልጥለዋል፤ ደብሩ ስፒከሩን ሲያወርድ እዚያው ቆርጦ ትቷቸዋል። እነዚህን ቅሪቶች ወስጄ የፊት መብራት አምፖል ባገናኝባቸው፣ አምፖሉ እንደ ስፒከሩ ጉልበቱን ይበላና መጥረጊያው በሁሉም ፊት ይቆም ነበር። የኔሰው እውነት መናገሩ ያለ አንድ ቃል ይታይ ነበር። አምፖል ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ።

ተጋድሜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከላይ የሰው ሳል ይሰማኛል። ፕላስተሩን ፈታሁ፤ ቅጥያውን ነቅዬ ከፕላስተሩ ጋር ኪሴ ከተትኩ፤ አረንጓዴውን ሽቦ እንደ ጥንቱ መልሼ ቀጥቀጥ አድርጌ ገጠምኩና በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩት። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ያችን ሦስት ደቂቃ ግንቦት ላይ ብሰጠው ኖሮ ስጦታው ዛሬ ይዘራ ነበር።

ከዚያ ስዊቹን ፈትቼ ይዤ ወጣሁ። ከፈትኩት። ሃምሳ ዓመት ያገለገለ ስዊች ውስጡ ጥቁር ነው፤ ሁሉም ጥቁር ነው፤ ቢሆንም ይሠራል። ይህን የሚያውቅ እዚያ ግቢ ከእኔ በቀር አልነበረም። መዳፌ ላይ አድርጌ ለመሪጌታ አሳየሁ፣ ለፍቅረ ሥላሴም አሳየሁ።

«ነሐሱ ተበልቷል፣ ጠቁሯል። አንዳንዴ ይነካካል፣ አንዳንዴ አይነካካም። ያን ቀን አልነካካም። የኔሰው አልዋሸም፤ መጥረጊያው ቆሟል።»

የኔሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ከእስር ቤት ጀምሮ ያመነው ሰው አልነበረም፤ እኔ የመጀመሪያው ነበርኩ። አመተ ሥላሴ ከኋላ እልል ሊሉ ጀምረው የሟችን እናት ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። እኔም ተነፈስኩ። አለቀ አልኩ።

መሪጌታ ግን ስዊቹን ከእጄ ወስደው እያገላበጡ ያዩ ነበር። ስድሳ ዓመት ቅኔ የቆጠረ ሰው የተሰጠውን ነገር እንዲሁ አይቀበልም፤ ውስጡን ሳያይ አያስቀምጥም።

«ይህ መጥቆር» አሉ «በአንድ ቀን የመጣ ነው?»

«አይደለም መሪጌታ።»

«በስንት ጊዜ?»

«በ... ዓመታት ነው።»

«እንዲህ ያለ ዕቃ ጨርሶ ሳይሞት አስቀድሞ አያስታውቅም?»

ያኔ ነው ገደሉ የታየኝ። መሪጌታ እኔ የማውቀውን ሳያውቁ በትክክለኛው ሥፍራ ላይ ቆመዋል። «አያስታውቅም» ልል አፌን ከፈትኩ። ያረጀ ስዊች ግን እንደሚያስታውቅ በግቢው ያለ ባለባጃጅ ሁሉ ያውቃል።

«አንዳንዴ» አልኩ።

መሪጌታ ወደ የኔሰው ዞሩ። «ልጄ፣ አስታውቆህ ነበር ወይ?»

በልቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሽ አልኩት። አንዲት ቀን እንኳ ዋሽ፣ እንደ ሌላው ሹፌር ሁን፣ እስከዚያ ቀን ደህና ነበር በል!

የኔሰው እንባውን ጠረገ። «አዎን መሪጌታ። ግንቦት መጨረሻ ላይ በካፊያ ሁለት ጊዜ ቆሞብኝ ነበር። ለጉባኤ እየጠራሁ ሳለሁ። ትንሽ ቆይቼ ስሞክረው ሠራ፣ ተውኩት።»

እየጠራሁ ሳለሁ። ሰው ሁሉ ሰማት፣ የገባችው ግን ለእኔ ብቻ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ያቆመው ስፒከሩ ነው፣ ስፒከሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ግን ሌላ መልክ ይዞ ነበር፤ ዕቃው አርጅቷል፣ አርጅቻለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ነግሮታል፣ እሱ እያወቀ ነድቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። እኔ የጣልኩት ግን የራሴን አይደለም፣ የሰው ነው።

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። ብዙ አልቆዩም። መሪጌታ ቆመው ተናገሩ።

«ፍቅረ ሥላሴ፣ ሰውየው ዋሽቶሃል ብለህ ነበር፤ አልዋሸህም። ስለዚህ ደም አትፈልግም። የኔሰው፣ መጥረጊያው ቆመብኝ ብለህ ነበር፤ እግዜር ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆህ አልሰማህም። ስለዚህ ጥፋቱ ያንተ ነው። ድንጋይ ተሸክመህ የሟችን እናት ደጅ ትጠናለህ። ከዚያ ከእነማይ ወረዳ ትወጣለህ። የስጦታው ወንድምና እናት በሕይወት እስካሉ ድረስ ቢቸናን አትረግጥም፤ ለሠርግም፣ ለለቅሶም።»

«ለእኔስ?» አሉ አመተ ሥላሴ ከሴቶቹ መሐል። «ለእኔ ለቅሶስ? ከእሱ ሌላ አልወለድኩ፣ ማን ይቀብረኛል?»

መሪጌታ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ያዝናሉ፣ አይቻቸዋለሁ፤ ግን በእጃቸው ያለው እውነት ያ ብቻ ነው፣ ያንንም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ተነሥቼ «መሪጌታ» አልኩ።

«ምነው ልጄ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ፍቅረ ሥላሴም ዞረ፤ እጆቹ አሁንም ከጋቢው ሥር ናቸው። ኪሴ ውስጥ ቀዩን ፕላስተር ጨበጥኩ። አሁን ብናገር አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር መናገር አለብኝ፦ ያን ቀን ያጠፋሁትን፣ ዛሬም በቁርአን ምዬ የዋሸሁትን። የመጀመሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ እናገረው ነበር ብዬ እስከ ዛሬ ራሴን አጽናናለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

«ስዊቹን ልግጠመው ወይ ልል ነው» አልኩ።

«ይቅር» አሉ። «ከእንግዲህ አይነዳም።»

ነገር ሲያድር ይሻግታል ብለው ዕርቁ ያን ዕለት እንዲያልቅ አደረጉ። ሁላችንም ወደ እማማ ፀሐይነሽ ቤት በእግር ሄድን። በመንገድ ላይ የኔሰው አጠገቤ ሆነ። መሣሪያ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሊቀበለኝ ፈለገ፤ እምቢ አልኩት።

«አብዱ፣ አትዘን» አለኝ። «ልታድነኝ እንደፈለግህ አውቃለሁ፤ ግን ያለውን ተናገርክ። አደራ ያልኩህም ይህንኑ ነው። እኔ እኮ ራሴን ማመን ትቼ ነበር። ሰው ሁሉ መጥረጊያው ይሠራል ሲለኝ፣ ምናልባት ሳላበራው ቀርቼ ይሆናል፣ ምናልባት እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል እያልኩ ሳብድ ነበር። አሁን ጥፋቴን አወቅሁት። ግንቦት ላይ ይዤልህ ብመጣ ኖሮ ልጁ አይሞትም ነበር፣ አይደል?»

«አይደል» የምትለዋ ቃል መልስ ትፈልጋለች።

«አይሞትም ነበር» አልኩት። ይህች ብቻ እውነት ነበረች፤ ይዞልኝ ቢመጣ ኖሮ ሽቦውን አይቼ አስታውስ ነበር። ከተናገርኩት ሁሉ የከፋችውም እሷ ነች። ራሱን ነቀነቀና ቀድሞኝ ሄደ።

እማማ ፀሐይነሽ ደጅ ላይ የኔሰው ሸሚዙን አውልቆ ተንበረከከ። ድንጋዩን ማን ያሸክመው የሚል ጥያቄ መጣ። መሪጌታ ግራ ቀኙን አዩና «ዘመዶቹ ቢያሸክሙት ያቀሉለታል፣ የሟች ወገን ቢያሸክመው ያከብድበታል። ከሁለቱም ያልሆነው አብዱልዋሂድ ነው፤ እሱ ያሸክመው» አሉ።

ከአጥሩ ሥር የወደቀ ድንጋይ ሞልቷል። ትንሹን አነሣሁ፤ የሁለት ዳቦ ያህል ነው። አንገቱ ላይ ሳኖረው የኔሰው ሳይዞር፣ እኔ ብቻ እንድሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረኝ።

«ይህ አይሆንም አብዱ። የሰው ነፍስ ነው። ከባዱን አምጣልኝ።»

ከባዱን አመጣሁ። ሁለት እጅ የሚሞላ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ እርጥብ አፈር የያዘ። አንገቱና ትከሻው መሐል አሳረፍኩለት። አጥንቱ ሲያጎነብስ በእጄ ተሰማኝ። እንዳይወድቅበት ጥቂት ደግፌ ያዝኩና ለቀቅኩት። በጉልበቱ እየዳኸ ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ሄደ። ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ ሦስት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ። «ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ፣ እያወቅሁ አጥፍቻለሁ» ይል ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ። ፍቅረ ሥላሴም በመጨረሻ እጆቹን ከጋቢው አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ፤ እጆቹ ባዶ ነበሩ።

እማማ ፀሐይነሽ ከደጃፉ ተነሡ። ቁልቁል አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ሊያነሡለት ያዙት። አልቻሉም፤ ቀና ብለው ዙሪያውን ተመለከቱና እኔን አዩ።

«ከበደኝ፤ ና አግዘኝ ልጄ» አሉኝ።

አብረን አነሣነውና መሬት ላይ አስቀመጥነው። አንገቱ ላይ ቆዳው ተልጦ ደም ነጥቧል። እማማ ፀሐይነሽ አፈር የነካውን መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው የእኔን እጅ ያዙ።

«አንተ ባትመጣ ልጄ በውሸት እንደተቀበረ ይቀር ነበር። ሌላውም ልጄ ነፍሰ ገዳይ ይሆንብኝ ነበር» አሉ። «ሃይማኖታችን ቢለያይም እውነቱን አወጣህልን። አምላክ ልጆችህን ይባርክልህ፤ የእኔን ቀን አያሳይህ።»

ሰዉ ሁሉ የእኔን አፍ ያያል።

«አሚን» አልኩ።

የኔሰውም ከተንበረከከበት ሆኖ «አሜን» አለልኝ።